የላይኛውን ፒን ማን ያየዋል?

ቤት የገዛ ወይ ተከራይ የለቀቀበት ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ቁልፍ ማስቀየር ነው፣ ትክክልም ነው። ግን ቁልፍ ተቀየረ ሲባል ብዙ ጊዜ መቆለፊያው ራሱ አይቀየርም፣ ሲሊንደሩ ተፈትቶ ውስጡ ያሉት ትንንሽ ፒኖች በሌላ ልክ ይተካሉ፣ አሮጌው ቁልፍ ሥራ ያቆማል አዲሱ ይከፍታል፣ በቃ አለቀ። እዚህ አሜሪካ ሪኪ እንለዋለን። ዛሬ መጻፍ የፈለኩት ስለዚህ ሥራ ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ጥሩ ጥሩ መቆለፊያ የሚዳከመው እዚህ ጋ ነው፣ በሌባ ሳይሆን ሊያስተካክል በመጣ ሰው እጅ፣ ባለቤቱ ሳያውቅ፣ አንዳንዴ የሠራውም ሰው ራሱ ሳያውቅ።

እኔ ቨርጂኒያ የቁልፍ ሥራ ላይ ነው ያለሁት። ኖርዘርን ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያለውን ሐበሻ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ቤት ሲገዛ ቤዝመንቱን ያከራያል፣ ተከራይ ይገባል ይወጣል፣ በገባና በወጣ ቁጥር ሪኪ አለ። ስለዚህ አንድ ሲሊንደር በብዙ ሰው እጅ ያልፋል፣ እኔ ጋ ሲደርስ ከፋብሪካ የወጣበትን መልክ እንደያዘ የማገኘው አልፎ አልፎ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ባጭሩ ላስረዳ። ቁልፉ የሚገባበትና አብሮት የሚዞረው ክብ ነገር ፕላግ ይባላል፣ ዙሪያውን ይዞት የማይንቀሳቀሰው ደግሞ የሲሊንደሩ ቤት ነው። ሁለቱን አቋርጠው የተበሱ አምስት ወይ ስድስት ቀዳዳዎች አሉ፣ እያንዳንዱ ቀዳዳ ውስጥ ከታች ቁልፉን የሚነካው የታችኛው ፒን አለ፣ እሱ ላይ የላይኛው ፒን፣ ከሁሉም በላይ ወደ ታች የሚገፋ ሞላ። ቁልፍ ካልገባ የላይኛው ፒን ግማሹ ፕላጉ ውስጥ ግማሹ ቤቱ ውስጥ ስለሚሆን ፕላጉ አይዞርም። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ የሁለቱ ፒኖች መገናኛ ልክ ፕላጉና ቤቱ የሚለያዩበት መስመር ላይ ይመጣል፣ ሺር ላይን የምንለው እሱ ነው፣ ሁሉም ፒኖች እዛ መስመር ላይ ሲደርሱ ይዞራል። ሐሳቡ ጥንት ግብጽ ከነበረው የእንጨት መቆለፊያ ጀምሮ አለ፣ አሁን የምናውቀውን ያመጡት ግን ሊነስ ዬል የሚባሉ አባትና ልጅ ናቸው፣ አባትየው በ1848 ፒን ያለውን መቆለፊያ ሠራ፣ ልጁ በ1861 እና በ1865 ጠፍጣፋ ትንሽ ቁልፍ ያለውን አድርጎ አሻሻለው። እስካሁን ኪሳችን ውስጥ ያለው የሱ ልጅ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ልብ በሉ፣ ቁልፉን የሚወስነው የታችኛው ፒን ርዝመት ነው። ሽላጅ በሚባለው የአሜሪካ መቆለፊያ ላይ ከአንዱ የፒን ልክ ቁጥር ወደሚቀጥለው ያለው ልዩነት 0.015 ኢንች ነው፣ ክዊክሴት በሚባለው ሌላ መቆለፊያ ላይ 0.023 ኢንች። ሪኪ የሚያደርግ ሰው ሁሉ ስለዚህኛው ይጨነቃል፣ ምክንያቱም ከተሳሳተ ቁልፉ አይዞርም፣ ወዲያው ይታወቃል። ስለ ላይኛው ፒን ግን የሚጠይቀው የለም። ምንም ዓይነት የላይኛው ፒን ብትከቱ፣ ርዝመቱ እስካልበዛ ድረስ፣ ቁልፉ ሰተት ብሎ ገብቶ ይዞራል። ደንበኛው ይሞክረዋል፣ ይከፍታል ይዘጋል፣ አመስግኖ ይከፍላል። መቆለፊያው ከቁልፉ ሌላ ነገር ሲመጣበት ምን እንደሚያደርግ የሚወስነው ግን በአብዛኛው ያ ማንም ያልጠየቀለት የላይኛው ፒን ነው።

እስኪ ስለ ቅርጹ ላውራ፣ የኔም ልብ ያለው እዛ ነው።

ተራው ፒን ቀጥ ያለ ድፍን ነሐስ ነው። መቆለፊያ ያለ ቁልፍ የሚከፍት ሰው ፕላጉን በትንሹ እየጠመዘዘ ፒኖቹን አንድ በአንድ ወደ ላይ ይገፋል፣ ቀዳዳዎቹ ፍጹም አንድ መስመር ላይ ስላልተበሱ ሁሌ አንደኛው ፒን ከሌሎቹ በፊት ይጨመቃል፣ እሱ ሲነሳ ፕላጉ በፀጉር ስፋት ይዞራል፣ የላይኛው ፒን ፕላጉ ጠርዝ ላይ ተደግፎ ይቀራል፣ ከዛ ወደሚቀጥለው። ተራ ፒን ለዚህ ሥራ ምንም መከላከያ የለውም።

ስፑል የምንለው ደግሞ ይሄው ፒን ወገቡ በቶርኖ ተበልቶ ቀጥኖ ሁለት ጫፉ ወፍሮ የቀረ ነው፣ የክር ማጠንጠኛ ይመስላል። ፕላጉ እየተጠመዘዘ ስፑሉ ወደ ላይ ሲገፋ ቀጭኑ ወገብ ሺር ላይኑ ላይ ሲደርስ ባዶ ቦታ ስለሚፈጠር ፕላጉ ድንገት እልፍ ብሎ ይዞራል። ከፋቹ ተከፈተ ይላል። አልተከፈተም፣ የስፑሉ የታችኛው ትከሻ ፕላጉ ውስጥ ቀርቶ ጠርዙ ላይ ተነክሷል። ከዚህ ለመውጣት ፒኑ ገና ወደ ላይ መሄድ አለበት፣ ወደ ላይ እንዲሄድ ደግሞ ፕላጉ ወደ ኋላ መመለስ አለበት፣ ፕላጉ ወደ ኋላ ሲመለስ ቀድመው የተቀመጡት ፒኖች ተመልሰው ሊወድቁ ይችላሉ። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ቁልፍ የያዘ ሰው ይሄን ሁሉ በፍጹም አለማወቁ ነው። ልኩን ያልሳተ ቁልፍ ሲገባ ፒኖቹ መጀመሪያ ቦታቸውን ይይዛሉ፣ መዞሩ ከዛ በኋላ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ያ የቀጠነ ወገብ ሺር ላይኑ ላይ ሆኖ ፕላጉ የሚጠመዘዝበት አጋጣሚ የለም። ቅደም ተከተሉን ያጠፋ ብቻ ነው የሚያዘው። ኤሌክትሪክ የለ፣ ኮድ የለ፣ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ነሐስ ላይ ትንሽ ተቆርጣ ይሄን ያህል ሥራ መሥራቷ በጣም ደስ ይለኛል፣ ደጋግሜ ባየውም አልሰለቸውም።

ባለፈው አንዲት እናት ጋ ሄድኩ፣ ቤዝመንት ያከራያሉ፣ ተከራይ ለቆ ነበር። በሩ ላይ ያለው ሽላጅ ዴድቦልት ነው፣ ማለት በቁልፍ የሚወጣ ድፍን ምላስ ያለው፣ ሽላጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከፋብሪካው ሲወጣ ከላይኛዎቹ ፒኖች የተወሰኑት ስፑል ናቸው፣ ስለዚህ ስፈታው እነሱን እየጠበቅኩ ነበር። አንድም የለም። ሁሉም ተራ፣ ርዝመታቸው የተለያየ፣ አንደኛው በሞረድ ተበልቶ ጫፉ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ፣ መጨረሻ ላይ ያለው ቀዳዳ ደግሞ ጭራሽ ባዶ፣ ሞላም ፒንም የለበትም። ከኔ በፊት ሪኪ ያደረገው ሰው አንዱ ሲያስቸግረው ትቶታል ማለት ነው። አሳየኋቸው። "ቁልፉ እኮ ይከፍታል ልጄ፣ አንድ ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም" አሉኝ። "ይከፍታል እማማ፣ ችግሩ ለሌላም ሰው በቀላሉ ይከፍታል" አልኳቸው። ዝም ብለው ትሪው ላይ ያሉትን ፒኖች ሲያዩ ቆዩና "ታዲያ እኔ ይሄን በምን አውቃለሁ?" አሉ። እውነታቸውን ነው። ማወቅ የነበረበት እጁን የከተተው ሰው ነው። ለዚህ ነው የምናደደው፣ ምክንያቱም አንድ ስፑል ፒን ዋጋው ሳንቲም ነው፣ ከሳጥን ውስጥ ተራውን ማንሳትም ስፑሉን ማንሳትም እኩል ጊዜ ነው የሚወስደው፣ የሚለየው የወጣውን አይቶ ምን እንደሆነ ማወቅ ብቻ ነው።

ስለዚህ እኔ እንዴት እንደማየው ልንገራችሁ፣ ሥራው ላይ ያላችሁ ወይም የራሳችሁን መቆለፊያ ጠረጴዛ ላይ ፈታታችሁ ማየት የምትወዱ ካላችሁ። ቁልፉ ገብቶ ትንሽ ዞር ይላል፣ ከኋላ ያለው ይፈታል፣ ክዊክሴት ከሆነ ክሊፕ ነው፣ ሽላጅ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚዞር ክዳን ነው ትንሽ ፒን ያስያዘችው። ከዛ ከፕላጉ ጋር እኩል ውፍረት ያለው ፎሎወር የምንለው ዘንግ ከኋላ እየገፋ ሲገባ ፕላጉ የታችኛዎቹን ፒኖች ይዞ ከፊት ይወጣል። ብዙ ሰው ሥራው እዚህ ያለቀ ይመስለዋል፣ የታችኛዎቹን ይገለብጣል፣ በአዲስ ይተካል፣ ፕላጉን ይመልሳል። እንደሱ ከሆነ እንኳን ጥሩ ነው፣ የላይኛዎቹ አልተነኩም። ጉዳቱ የሚመጣው ፎሎወሩ ሲያመልጥና ሞላዎቹ ተፈናጥረው ሁሉም ነገር መሬት ሲበተን ነው፣ ያኔ ማን ጎንበስ ብሎ ይለቅማል፣ ከሳጥኑ ተራ ፒን ይወሰዳል።

እኔ የማላውቀው ሰው የነካው ሲሊንደር ከሆነ የላይኛዎቹንም አወጣቸዋለሁ። ፎሎወሩን ቀስ አድርጌ ወደ ኋላ ስስበው መጀመሪያ የፊተኛው ቀዳዳ ይለቃል፣ ፒኑና ሞላው ይወርዳሉ፣ ትሪው ላይ በተራቸው አስቀምጣቸዋለሁ፣ ከዛ ቀጣዩ። ተራቸውን መጠበቅ ግዴታ ነው፣ የትኛው ቅርጽ የት ቀዳዳ ውስጥ እንደነበረ ከጠፋ ግማሹ እውቀት ጠፋ።

ቀጥሎ ማጠብ ነው፣ ይሄን የሚዘል ሰው ብዙ ነው ግን እኔ አጥብቄ የምለው ነገር ነው። የቆየ ሲሊንደር ውስጥ የነሐስ ብናኝና ዘይት ተለውሶ ጥቁር ጭቃ ይሆናል። ሴሬትድ የምንላቸው ፒኖች፣ ዙሪያቸውን የሚዞሩ ቀጫጭን ቦዮች ያሏቸው ማለት ነው፣ ቦዮቻቸው በዚህ ጭቃ ሲሞላ በዓይን ሲታዩ ድፍን ተራ ፒን ይመስላሉ። አልኮል ውስጥ ነክሮ በጥርስ ብሩሽ ጠረግ ጠረግ ሲደረጉ ቦዮቹ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። ካመናችሁ በኋላም በጥፍራችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳቡት፣ ዓይን ያላየውን ጥፍር ያገኘዋል። ከዛ በወረንጦ ይዛችሁ ወደ መብራት፣ ወይም ደግሞ መስታወት ላይ አስተኝታችሁ ከጎን በኩል ማየት ነው፣ ተራው ከሆነ ከሥሩ ብርሃን አያልፍም፣ ስፑል ከሆነ መሐሉ ላይ ክፍተት ይታያል። የእንጉዳይ ቅርጽ ያለው ማሽሩም ደግሞ ከስፑል የሚለየው ትከሻው ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ሳይሆን በሰያፍ እየሰፋ መሄዱ ነው፣ ለዚህም አነካከሱ ለስለስ ይላል። እሱ አቅጣጫ አለው፣ ጭንቅላቱ ወደ ታችኛው ፒን መዞር አለበት፣ ተገልብጦ ከገባ ሥራውን በአግባቡ አይሠራም፣ ቁልፉ ግን አሁንም ይከፍታል፣ ማንም አያውቅም።

ማግኔት አጠገባችሁ ይኑር። ነሐስ አይሳብም። የሚሳብ ፒን ካገኛችሁ ብረት ነው፣ ብዙ ጊዜ ድሪል እንዳይበላው የተቀመጠ ጠንካራ ብረት ነው፣ ቦታውም ከፊት በኩል ስለሆነ ወደዛው ይመለስ። ሌላ ደግሞ ርዝመት እዩ፣ አንዳንድ ሲሊንደር ውስጥ ረጅም የታችኛው ፒን ላይ አጭር የላይኛው፣ አጭሩ ላይ ረጅም ይቀመጣል፣ ድምሩ እኩል እንዲሆን ታስቦ ነው፣ ሁሉንም ፒን ባንዴ ወደ ላይ አንስቶ ቤቱ ውስጥ ደብቆ የሚከፍት ሰው እንዳይችል። የተደበላለቀ ርዝመት ስታዩ ዝርክርክ ሥራ ነው ብላችሁ አትፍረዱ፣ መጀመሪያ ካሊፐር የምንለውን የርዝመት መለኪያ አንሱና ደምሩ።

ሳይፈታስ ይታወቃል ወይ? በእጅ ይታወቃል፣ የራስን መቆለፊያ ጠረጴዛ ላይ አስይዞ ቀለል ባለ ጥምዘዛ ሲሞከር። ተራው አንድ ግልጽ ቀጭ ይልና ዝም ይላል። ሴሬትዱ በየቦዩ ትንሽ ትንሽ ቀጭ ቀጭ ይላል ፕላጉ ግን ወደፊት አይሄድም። ስፑሉ ፕላጉን በደንብ አዙሮ ያቆማል፣ እሱኑ ፒን ስትገፉት ፕላጉ ጣታችሁ ሥር ወደ ኋላ ይመለሳል። ማሽሩሙ ተመሳሳይ ነው ግን ደብዛዛ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በእጅ የገመትኩትን ከፈታሁ በኋላ ከትሪው ጋር አስተያየዋለሁ፣ እጅ የሚሠለጥነው እንደዛ ነው፣ በወሬ አይሆንም።

ከነዚህ ወጣ ያሉም አሉ። አሜሪካን ሎክ 1100 የሚባለው የአልሙኒየም ጓጉንቸር የታችኛዎቹ ፒኖች ራሳቸው ቦይ አላቸው፣ የታችኛው ፒን ሁሌ ተራ ነው ብሎ ለሚያስብ ሰው ያ ትልቅ ትምህርት ነው። አሳ (ASSA) የሚባለው የስዊድን መቆለፊያ ደግሞ ጠርሙስ የመሰለ ፒን አለው፣ እሱ ብቻ አይደለም፣ ፕላጉ ላይ ያለው ቀዳዳ ራሱ ጠርዝ ወጥቶለታል፣ ፒኑና ቀዳዳው እርስ በርስ እንዲናከሱ። እንዲህ ያለውን ስታገኙ ፒኑን ብቻ ማየት አይበቃም፣ ቀዳዳው ውስጥም በመብራት ማየት ነው።

ሜዴኮ የሚባለው የመቆለፊያ ኩባንያ እዚሁ ቨርጂኒያ ሳሌም ከተማ ያለ ነው፣ በ1968 የጀመረ። የሱ የታችኛው ፒን ጫፉ እንደ ተራው ሾጣጣ ሳይሆን የመሮ ጫፍ አለው፣ ቁልፉም በሰያፍ ነው የተቆረጠው፣ ስለዚህ ቁልፉ ሲገባ ፒኑ ከፍ ማለት ብቻ ሳይሆን ወደ ግራ ወይ ወደ ቀኝ ይዞራል ወይ መሐል ይቆማል። ጎኑ ላይ ቦይ አለ፣ ሁሉም ፒኖች በትክክለኛው አንግል ሲዞሩ ቦዮቻቸው ይደረደራሉ፣ ጎን ያለው ዘንግ እግሮቹ እዛ ውስጥ ይገባሉ፣ ከዛ ነው ፕላጉ የሚለቀቀው። አንዳንዱ ፒን ላይ ከእውነተኛው ቦይ ሌላ ጥልቀት የሌለው የውሸት ቦይም አለ። የሜዴኮ ፒን ከተራ ጋር ትሪ ላይ ተቀላቅሎ እንኳን ወዲያው ይለያል፣ የሚያሳዝነው ግን እሱን በሌላ ፒን ለመተካት የሚሞክር ሰው መኖሩ ነው።

እስራኤል ያላችሁ ደግሞ ሙልቲሎክን ሳታውቁት አትቀሩም፣ በ1973 እዛ የተመሠረተ ኩባንያ ነው። ቁልፉ ጥርስ የለውም፣ ጠፍጣፋው ላይ ክብ ክብ ጉድጓድ አለው፣ ጉድጓዱን ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ቀለበት ውስጥ ሌላ ነጥብ አለ። ምክንያቱም ፒኑ ውስጥ ሌላ ፒን አለ፣ የውጪው እንደ ቱቦ ነው፣ የውስጠኛው መሐሉ ላይ የራሱ ልክ አለው፣ ሁለቱም ለየብቻ ትክክል መሆን አለባቸው። የሚፈታው ሰው የውስጡን ከውጪው ሳይለይ እንደ አንድ ፒን ከጣለው ምን እንደጠፋው አያውቅም።

አዲስ አበባ ያላችሁ፣ የብረት በርና የአፓርታማ በር ላይ ያለው ከሁለቱም ጎን ቁልፍ የሚገባበት ረጅሙ የአውሮፓ ሲሊንደር ተገልብጦ ስለሚገጠም ሞላው ከታች ነው ያለው፣ ላይኛው ፒን ያልኩት እናንተ ጋ ሥር ነው የሚሆነው። ሥራው ያው ነው።

አፓርታማ ሕንጻ ላይ ለምትሠሩ አንድ ነገር ልጨምር። በሁለቱ ፒኖች መሐል ቀጭን ሳንቲም የምትመስል ክብ ነገር ካገኛችሁ የማስተር ዌፈር ናት፣ የተከራዩም የአስተዳዳሪውም ቁልፍ አንድ በር እንዲከፍት የምታደርግ። እሷ ሺር ላይኑ ላይ የምትቆምባቸው ከፍታዎች ሁለት እንዲሆኑ ታደርጋለች፣ በአምስቱም ቀዳዳ አንድ አንድ ካለ ያንን በር ሊከፍቱ የሚችሉ የቁልፍ ዓይነቶች 32 ይሆናሉ፣ ሁለቱ ብቻ አይደሉም። አንድ ሕንጻ ለግል ባለቤቶች ተሽጦ ማስተር ቁልፍ ከቀረ በኋላም እነዚህ ዌፈሮች ውስጥ ተረስተው ይኖራሉ። ስትፈቱ ካገኛችሁና ማስተር የሚባል ነገር ከሌለ ለባለቤቱ ነግራችሁ አውጧቸው።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ "ታዲያ ሁሉንም ስፑል አድርገህ አትሠራልኝም?" ነው። አላደርግም፣ አንዱን ቢያንስ ተራ ወይም ሴሬትድ አድርጌ እተዋለሁ፣ ምክንያቱም ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ ከፋቹም አንድ ዓይነት ነገር ብቻ ነው የሚጠብቀው፣ ሲደባለቅ ግን እጁ ላይ የሚሰማው ነገር የስፑል ይሁን የሴሬትድ ለመለየት ይቸገራል። ሁለተኛ፣ ፕላጉ የላላ ርካሽ ሲሊንደር ከሆነ ወይም ቁልፉ ከኮፒ ኮፒ እየተደረገ ልኩን የሳተ ከሆነ ስፑሉ ባለቤቱን ራሱን ሊይዘው ይችላል፣ ቁልፉ መሐል ላይ ቀጥ ይላል። ስለዚህ ስፑል ከመክተቴ በፊት ቁልፉን ከቀደመው ኮፒ ሳይሆን ከፋብሪካው ቁጥር አዲስ እቆርጣለሁ፣ ከዛ በኋላ ገጥሜ ደጋግሜ እሞክረዋለሁ፣ ቀስ ብሎም ፈጠን ብሎም፣ ቁልፉን ወደ ላይ ጫን ወደ ታች ጫን እያደረግኩ፣ ምክንያቱም ሰው ግሮሰሪ ይዞ በሩን ሲከፍት ቁልፉን ቀጥ አድርጎ አይዝም። ለእናታችንም ያደረግኩት እሱን ነው፣ ስፑል፣ አንድ ሴሬትድ፣ ባዶ የነበረው ቀዳዳ ላይ አዲስ ሞላና ፒን፣ የወጡትን ተራዎች ደግሞ በትንሽ ፕላስቲክ አድርጌ ሰጠኋቸው፣ የሚቀጥለው ሠራተኛ ሲመጣ እንዲያሳዩትና "የላይኛዎቹን እንዳትቀይር" እንዲሉት።